ባላና መዶሻ

ጁላይ 3
ዝናብ። የብራዚሉ ሪዮ ግራንዴ በዚህ ወር ሌላ ምን ያውቃል... ቤተ ሙከራ ውስጥ የማቴ ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። ፕሮፌሰር ሌኦካዲዮ ሆስፒታል ከገቡ ሰነበቱ። ሥራው ያው ነው፤ ጠጣር ግድግዳ፣ ውስጡ ሙቀት፣ መውጫው የምንቆፍርለት ክፍተት ብቻ። የክፍተቱን ስፋት ሳንነካ ቅርጹን እየቀያየርን ግድግዳው ይበልጥ የሚቀዘቅዝበትን እንፈልጋለን። እስካሁን አሸናፊው የመዶሻ ቅርጽ ነው። እሳቸው ግን ባላ ይሻላል እንዳሉ ናቸው። ስንት ዓመት ተከራከርን!

ጁላይ 8
ባላው አሸነፈ! በስልክ ነገርኳቸው። ሳል እያቋረጣቸው ሳቁ።
«አላልኩሽም፣ አንቺ ግትር? መዶሻሽን ሚስማር ምቺበት!»
ባለቤታቸው ዶና ዙሌይካ ስልኩን ተቀበሉ። «ዛሬ ሾርባ ቀመሰልኝ» አሉ። እያለቀሱ ነበር።

ጁላይ 10
አላሸነፈም። የባላውን ቅርንጫፎች ስከፍት ክፍተቱ ራሱ ሰፍቷል። ስፋቱን መቆለፍ ረስቻለሁ... ብዙ ከቆፈሩለት የማይቀዘቅዝ ግድግዳ የት አለ? ጀማሪ ተማሪ እንኳ ይህን አይስትም። ቆልፌ ደገምኩት። መዶሻው በለጠ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ጁላይ 11
ልነግራቸው ሆስፒታል ሄድኩ። የባላውን ሥዕል በእጃቸው ሥለው ራስጌያቸው ለጥፈውታል። ለነርሷ እያስረዱ ነበር። «አየሽ? መንገዱን ካገኘ ሙቀት አይጨቃጨቅም፤ እንደ ሚስቴ አይደለም።» ነርሷ ትስቃለች።
ዶና ዙሌይካ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ከታመመ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አላየሁትም።»
አልነገርኳቸውም። ነገ...

ጁላይ 13
አረፉ።

ጁላይ 14
ቀበርናቸው። ሳጥኑን የመቃብር ቦታው ግድግዳ ላይ ወደተተወው ቀዳዳ አስገቡት፤ ግንበኛው አፉን በጡብ ዘጋው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሙቀት ከግድግዳ መውጫ ሲፈልጉ ኖረው... አልቻልኩም። ፊቴን አዞርኩ።

ጁላይ 21
ዶና ዙሌይካ አስጠሩኝ። የመቃብሩ እብነ በረድ ላይ ባላውን ሊያስቀርጹ ነው።
«ስህተት ነው» አልኩ። አመለጠኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው።
ጠየቁኝ፤ «እሱ ያውቅ ነበር?»
«አያውቁም። ደስታቸውን ላለመቀማት ብዬ...»
«አይ ጃንዲራ! ባሌን አላወቅሽውም። ስህተት ብታሳዪው እኮ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር። መነጽሬን አምጡ፣ እርሳስ አምጡ ብሎ ቤቱን ያምሰው ነበር።»
ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ወረቀት አቀረቡልኝ።
«በይ፣ ትክክለኛውን ሣይልኝ።»
መዶሻውን ሣልኩላቸው። ከፕሮፌሰሩ ጋር አንድ ክርክር ይቀረን ነበር... እሳቸው ትራስ ተደግፈው፣ እኔ አጠገባቸው፣ እየተሳደብን የምናርመው። አዘንኩላቸው ብዬ ነፈግኳቸው።