ጤዛው እስኪሄድ

ኅዳር 8
ዴራ ገባን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከአሰላ ሹራብ ደርቤ መውጣቴን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ዛሬም ያው... ግራሶ ቀባሁ፣ ገለባ ጠረግሁ፣ ለኦቦ ሀሰኖ ውሃ አቀበልኩ። የኮምባይነር ረዳት ሥራ ይኸው ነው። ኦፕሬተሩ እሳቸው፣ መሪውም የእሳቸው። የኔ የሚሆነው መቼ ነው? ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ እኮ ነው የማልመው። እዚያ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ስንዴውን ፊት ለፊት ማየት... ያረቢ!

እናቴ ደወለች። «አላህ ሲለው ይሆናል፣ ሙቢና፣ አትንገብገቢ» አለችኝ። ሁልጊዜ ይቺኑ ነው የምትለው። መንገብገቡን ደግሞ ከማን ወረስኩት?

ኅዳር 13
ማመን አቃተኝ። ኦቦ ሀሰኖ እራት ላይ፣ እንደ ቀልድ፣ «ሲሬ ስንደርስ መሪውን ይዘሽ ጫፍ ጫፉን ትሞክሪያለሽ» አሉኝ። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት።
«የምርዎትን ነው?»
«ኢንሻአላህ።»
ስንዴው የሚደርሰው ከቆላ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ዴራ፣ ከዚያ ሲሬ፣ መጨረሻ ደጋው ጎበሳ። እኛም እሱን ተከትለን ሽቅብ ነው። ምነው ነገ ሲሬ በሆንን...

ኅዳር 21
ሲሬ ከገባን ሰነበትን። ስለ መሪው ትንፍሽ የለም። ረሱት? ላስታውሳቸው? አፈርኩ።

ኅዳር 24
ጉድ ሠራሁ።

ኦቦ ሀሰኖ በጠዋት ለቁርስ መንደር ሲሄዱ ቁልፉን እኔ ጋ ትተውት ነበር። አንድ ዛላ ቆርጬ በመዳፌ አሸሁ፣ ፍሬውን ነከስኩት። ቀጭ አለ። ደርሷል! ሲመለሱ ግማሹን አጭጄ ባሳያቸውስ ብዬ... ሞተሩን አስነሳሁ። ብዙም አልሄድኩ። ገለባው በጤዛ ርሶ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተጠመጠመ፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጨሰ፣ ተበጠሰ።

እየሮጡ መጡ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።
«ስንዴው ደርሷል እኮ» አልኩ፣ እያለቀስኩ።
«ደርሷል። ጤዛው ግን አልሄደም።»
ሌላ ቺንጋ ፍለጋ አሰላ ሄዱ። እኔ ገለባውን በእጄ ስመዝ ዋልኩ። በቃ፣ ወደ ቤት ይሰዱኛል።

ኅዳር 25
አልሰደዱኝም። ስለ መሪም አላነሱም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተቀምጬ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ዱዓዬ «ያረብ፣ ስጠኝ» ብቻ ነበር። ዛሬ «እስክትሰጠኝ አደብ ስጠኝ» አልኩ። ቀለል አለኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 6
ጎበሳ። ብርዱ ለጉድ ነው። ጠዋት ጠዋት ማሳው መሃል ገብቼ ገለባውን ከሥሩ እዳስሳለሁ። «እሺ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል ኦቦ ሀሰኖ። «ገና ነው» ካልኩ ቁጭ ይላሉ። «ይበቃዋል» ካልኩ ይነሳሉ። እኔን ሰምተው! ደስ ሲል...

ታኅሣሥ 11
ነዳሁ። ነዳሁ። ነዳሁ...

ጠዋት ኦቦ ሀሰኖ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ባሕር ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ። «የጋሽ ፍሰሐ ማሳ ያንቺ ነው» አሉኝ። በቃ፣ እንዲሁ። የማሳው ባለቤት ጋሽ ፍሰሐ ግን ደመና አይተው ተጨንቀዋል።
«ልጄ፣ ዝናብ ሳይመጣ ግቢ እንጂ።»
ገለባውን ዳሰስኩ። እርጥብ ነው። ልቤ እኮ ቀድሞኝ መሪው ላይ ወጥቷል...
«ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸው።
ዞረው ኦቦ ሀሰኖን አዩ።
«እኔን አይዩኝ፣ ኦፕሬተሯ እሷ ናት።»
ኦፕሬተሯ! ይቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ደመናው ተገፈፈ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ገለባው ደረቀ። ገባሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ ማሽኑ አንዴም ሳይታነቅ። ጋሽ ፍሰሐ መርቀው አልጠገቡም።

ጠዋት ማሳው ዳር ቆሜ ስጠብቅ እናቴ ደውላ ነበር።
«መሪውን ሰጡሽ?»
«ሰጡኝ።»
«ታዲያ ምነው የሞተሩ ድምፅ አይሰማም?»
«ጤዛው እስኪሄድ ነው፣ እማ።»
ሳቋን ለቀቀችው።
«ማን ነው የሚያናግረኝ?» አለች። «ሙቢና ናት?»