የፊሮምሳ ባልዲ

መጋቢት 4

ሰርቪሱ ዛሬም አርፍዶ መጣ። ቂሊንጦ ፋብሪካው ስንደርስ ፈረቃው ገብቷል። ተቆጣጣሪዋ ስማችንን ጻፈች። ትጻፍ።

ቤት ስገባ እማ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሁለታችንም ብዙ አልበላንም።

አከራያችን ሐጂ ታጁ ደውለው ነበር። የፊሮምሳን የሞባይል ጥገና ሱቅ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንድንለቅላቸው ነው። እንዳይከፋሽ ልጄ፣ ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነው አሉ። አልከፋኝም። ወንድሜን ጥር ላይ መኪና ከገጨው ወዲህ አልተከፈተም፤ ዝም ብሎ ተዘግቶ ምን ይሠራል?… ዋሸሁ። ከፍቶኛል።

መጋቢት 7

ሱቁን ከፈትኩት። የብየዳ ሽታው እዚያው አለ። ባልዲውም አለ… ነጭ የቀለም ባልዲ፣ እስከ አፉ የተበላሹ ሞባይሎችና ቦርዶች። ፊሮምሳ "ሞቷል" ማለት አይወድም ነበር። መጠገን ያቃተው ሞባይል ላይ ፕላስተር ይለጥፍና የባለቤቱን ስም ይጽፋል፤ ከሥሩ "እመለስበታለሁ"። ባለቤቱ አዲስ ገዝቶ ይረሳዋል። እሱ ግን ይመለስበታል። መቼ?

ቦርዱ ላይ ወርቅ አለ ይል ነበር። ሽማግሌ ልኮ እሺ ሲባል ናፍቆትን "ቀለበትሽ ከዚህ ባልዲ ነው የሚወጣው" አላት። ሁላችንም ሳቅን።

ዛሬ እሷም መጣች። ጥቁሯን አላወለቀችም። ሱቁ ሊለቀቅ መሆኑን ስነግራት ባልዲውን ብቻ ነው ያየችው።

"ትንቢት፣ ቀለበቴን እናውጣው" አለችኝ።

ምን ልበላት? እሷ የምታውቀው አንድ ዓመት ተኩል ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት። ለቅሶው ላይ ግን ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያቅፈው እሷን ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አላቀፍኳትም… እንዲህ ማሰብ ያሳፍራል። ግን አሰብኩት።

መጋቢት 12

ሙህዲን መጣ፣ ከጥገና ቤቶች ቦርድ በኪሎ የሚገዛው፣ የፊሮምሳ ወዳጅ። ባልዲውን ሊገዛ ነበር የመጣው። ናፍቆት ክዳኑ ላይ ቁጭ አለችበት። ሳቀና ሊያግዘን ተስማማ። ወርቅ አውጥተህ ታውቃለህ ስለው፣ እስካሁን ያወጣሁት ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው አለ። በቃ፣ ሦስት ጀማሪ።

መጋቢት 21

ቀኑን ሙሉ የወርቅ ቀለም ያላቸውን የቦርድ ጫፎች በፒንሳ ስንቆርጥ ዋልን። ጣቴ ተላጠ። ከመቆረጣቸው በፊት ፕላስተሮቹን እየላጥኩ እዚህ ደብተር ላይ ለጠፍኳቸው። ሰልዋ፣ ድምፅ አይሰማም፣ እመለስበታለሁ። ሶሬሳ፣ ውሃ ገብቶበታል፣ እመለስበታለሁ። "ለ" ሲጽፍ አንዱ እግሯ ይረዝማል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ባልዲው ሥር አንድ ብቻውን የተለጠፈ ፕላስተር አገኘሁ። "ናፍቆት። ሰኞ ተሠርቷል። ነገ ትምጣ።" ተሰርዞ እንደገና "ነገ ትምጣ"። ደግሞ ተሰርዞ "ነገ ትምጣ"። አምስት ጊዜ።

ገባኝ። የተዋወቁት ስልኳን ልታሠራ መጥታ ነው። ዕቃው ጠፋ እያለ ሳምንት ሙሉ አመላለሰኝ ብላ ስትስቅ ሰምቻታለሁ። ምንም ዕቃ አልጠፋም። ስልኩ ሰኞ ዕለት አልቋል።

ናፍቆት አጠገቤ አቀርቅራ ትቆርጣለች። አላሳየኋትም። ኪሴ ከተትኩት፤ አሁን እዚህ ገጽ ላይ ነው። እሷ ቀለበቱ ይደርሳታል። ለኔስ ምን ይደርሰኛል?

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እማ ወጡ ውስጥ ሦስት እንቁላል ጨመረች። ሁለት ነን።

ሚያዝያ 19

ሙህዲን አሲዱን አመጣ። ከሱቁ ጀርባ፣ ጓንትና ማስክ አድርገን፣ በትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ቁርጥራጮቹ ላይ አፈሰስነው። ቡናማ ጭስ ወጣ፤ የጎረቤት ዶሮዎች ሸሹ። ናፍቆት ዓይኗ እያነባ ንቅንቅ አላለችም።

ቪዲዮው በህንድኛ ነው። ሰውየው ሲያጠልል ዐየን፣ ከዚያ የኢንተርኔት ጥቅሉ አለቀ። መጨረሻውን ሙህዲን ያስታውሰዋል፤ ማጥለያው ላይ የቀረውን ጭቃ አንስቶ ሲያቀልጠው ወርቅ ይሆናል። እንግዲህ ጭቃው ነው። ይርጋና ነገ ይጠለል ተባለ። የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ እኔ አጠልለዋለሁ አልኩ።

ሚያዝያ 20

አጠለልኩ። ጨርቁ ላይ ጠቆር ያለ ጭቃ ቀረ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ቢጫውን ውሃ ከሱቁ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። አፈሩ ፈላ። ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። እኔ ሥራ ስሠራ ንጹሕ ነኝ።

ሚያዝያ 22

ከሙህዲን ጋር ሳሪስ አቦ፣ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድን። ጭቃውን አቀለጡት። ጥቁር ጠጠር ሆነ። መነጽራቸውን አወለቁና፣ ውሃውስ አሉን።

የትኛው ውሃ?

"ቢጫው ነዋ። ወርቁ እኮ ውሃው ውስጥ ነው፣ ልጄ።"

ለካ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠለለው። መጀመሪያ ወርቁ አሲዱ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነው ጭቃ ሆኖ የሚወርደው፣ ያኔ እንደገና ይጠለላል። እኛ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አይተን አንድ አደረግነው።

ሙህዲን ጥፋቱ የኔ ነው አለ። አይደለም። የደፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ያለቀለቅኩት እኔ ነኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ… ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ሰው ዐየኝ። ይየኝ።

ሚያዝያ 24

አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ ደወለች። ጭቃው ደረቀ ወይ አለች። እየደረቀ ነው አልኳት።

ሚያዝያ 26

ነገርኳት። ቦዩ አጠገብ ቆመን። የደፋሁበት ቦታ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ቁጢጥ ብላ አፈሩን ስታይ ቆየች።

"እናንተ አልጋው አለላችሁ፣ ልብሱ አለላችሁ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ሚስቱ እንኳ አልነበርኩም፣ ትንቢት። ማን ነሽ ብባል ምን እላለሁ?"

ይኼን ሁሉ ጊዜ ብዙ የደረሳት እሷ ትመስለኝ ነበር። ፕላስተሩ እዚህ ደብተር ውስጥ፣ ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ዛሬም አልሰጠኋትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚያዝያ 30

ከናፍቆት ጋር ሱቁን አስረከብን። ሐጂ ታጁ ቁልፉን ሲቀበሉ ነፍሱን ይማር አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እሳቸው ሳያዩ ደብተሩን ከፈትኩና የናፍቆትን ፕላስተር ከመጋቢት 21 ገጽ ላይ ላጥኩት። ወረቀቱም አብሮ ተቀደደ። ሰጠኋት። ደብቄብሽ ነበር አልኳት፣ ቀንቼብሽ።

አነበበች። የተሰረዙትን በጣቷ ቆጠረች።

"ሰኞ?" አለች።

"ሰኞ።"

"ዕቃ ጠፋ ነበር የሚለኝ… ውሸታም!"

ሳቀች። ከጥር ወዲህ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። አቀፍኳት። እኔም እንደሷ አለቀስኩ፤ እማ ፊት የማላለቅሰውን ሁሉ እዚያ አለቀስኩት። ሲበቃን ፕላስተሩን ስልኳ ሽፋን ውስጥ ከተተችው። ያው ስልክ ነው፣ እሱ የሠራው።

ደብተሬ ላይ የዚያ ቀን ገጽ አሁን ቀዳዳ ነው።

ልትሄድ ስትል፣ እማን ለማየት መቼ ልምጣ ብላ ጠየቀችኝ።

"ነገ ነይ" አልኳት። የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።