በገመቹ ለቅሶ ቤት የተጫወትነው ዶሚኖ

አምቦ፣ ረቡዕ ጥቅምት 14 ቀን 2016

ዛሬ ራሴን ተጸየፍኩት።

ገመቹን የቀበርነው ትናንት ነው። ከእሱ፣ ከለሜሳና ከታደሰ ጋር አራት ሆነን ስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ዶሚኖ ስንጫወት ኖረናል። ዛሬ ከሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየበላን ሳለ ለሜሳ ዶሚኖውን ከኮቱ ኪስ አወጣና የገመቹን አማች ደረጀን ጠራው።

"ና፣ አንድ ሰው ጎድሎናል።"

ደረጀ አፈር አለና "ኧረ እኔ አልችልም" አለ።

"እሱ ያሳይሃል" ብሎ ለሜሳ ወደ እኔ ጠቆመ።

እኔም እምቢ ማለት ሲገባኝ አሳየሁት። ለአራት ሰው ሰባት ሰባት ድንጋይ ይታደላል። ድርብ ስድስት የደረሰው ይጀምራል። ተከታዩ ከጫፉ ቁጥር ጋር የሚገጥም ያስቀምጣል፤ ከሌለው ያልፋል። እጁ ላይ ያለውን ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ።

በሁለተኛው ዙር ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተነው ነበር። የመጨረሻዋን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጌ "ጨረስኩ!" ብዬ ጮህኩ። ታደሰ አፉ ንፍሮ እንደሞላ በሳቅ ፈነዳ። ቀና ስል የገመቹ ባለቤት አዴ ጫልቱ ጥቁር ለብሰው አጠገቤ ቆመዋል። ፊታቸው በለቅሶ አባብጧል።

"ማን አሸነፈ?" አሉኝ በቀስታ።

"እኔ" አልኩ።

ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ደረጀ ተነስቶ ተከተላቸው። ለሜሳ ግን ድንጋዮቹን መልሶ መደባለቅ ጀመረ። "ለሦስትም ይሆናል፣ አድል" አለኝ።

አደልኩ።

ነገ ሠልስቱ ነው። ለሜሳ ዶሚኖውን ይዤ እመጣለሁ ሲል እሺ ብዬዋለሁ።