አንድ እጅ አያጨበጭብም

ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ። እኛ ደህና ነን። ካንሰሬም እንደ ሰለቸው እንግዳ ጓዙን እየሸከፈ ነው፤ መድኃኒቱን ካላቋረጥኩ ይወጣል ብሎኛል ሐኪሙ።

ለማቋረጥ ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ! ባለፈው መድኃኒቱ በደም ሥሬ ሲንጠባጠብልኝ አባትህ “መንፈስ ያነቃቃል” ብሎ ዘፈን መርጦ መጣ። የስንብት እንጉርጉሮ ሁሉ ለቃቅሞ! ክፍሉ በሙሉ አለቀሰ። “አንተ ሰውዬ፣ ልታሳክመኝ ነው ልትሸኘኝ?” አልኩና ዳግመኛ አልመጣም ብዬ ማልኩ።

ነርሷ ሰምታ፣ “እማማ፣ በሠርግዎ የተጨፈረበትን ይዘው ይምጡ” አለችኝ።

ትናንት ይዤ ሄድኩ። ምን ልበልህ! ሲያቃስት የሚውለው ጡረተኛ ዳኛ ለማጨብጨብ ቃጣው። አንድ እጁ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ የእኔም እንደዚያው። ጎን ለጎን ነንና የእሱን ቀኝ ከእኔ ግራ ጋር እያጋጨን አጨበጨብን! አባትህ እስካሁን አኩርፏል።

መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ሰኞም እሄዳለሁ። አንተም አንድ ዘፈን ዘፍነህ ላክልኝ። ድምፅህን የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ሳቅም መድኃኒት ነው።

ፈጣሪ አንተን ይጠብቅልኝ፤ ስትዘፍን የሚሰሙህን ጎረቤቶችህንም ያጽናናልኝ።

እናትህ