የረሂማ ካርድ ስድስት ገጽ

ጥር 4
ኮምቦልቻ ዛሬም ሙቀት። ቲማቲም አልተሸጠም። ለሁሉም «ዛሬ ጠዋት ከደሴ ዙሪያ የመጣ» እላለሁ... የትላንት ነው። ቁርስ ላይ እህቴ ረሂማ እንክብሏን ስትውጥ «ለኔስ ከረሜላ የለም?» አልኳት። «የራስ ምታት ነው፣ ሂጅ ወዲያ!» በየቀኑ ራስ ምታት? ራስ ምታቷ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጥር 7
የእጮኛዋ የሀፊዝ አጎት መጣ። እንድሪስ። ከኒካው በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይታይ አለ። እሺ፣ ወግ ነው። ግን እሷን ሲያያት! ፍየል እንደሚገዛ ሰው ጥርሷን ሊቆጥር ምንም አልቀረው። ስም አወጣሁለት፣ ደላላው።

ጥር 9
ረሂማ ደሴ ሄዳ ተመረመረች። ነፃ ናት። ካሜራ ያለው ስልክ የኔ ነው... «ኢስራ፣ የውጤቱን ወረቀት ብቻ አንስተሽ ላኪላቸው» ብላኝ የሐኪም ቤት ካርዷን ሰጠችኝ። ወረቀቱ ውስጡ ነው። ደላላው ደወለ። «ምነው ዘገየ? የሚደበቅ ነገር አለ እንዴ?» ደሜ ፈላ። የሚደበቅ? እንካ! ከካርዱ ሽፋን ጀምሬ ስድስቱንም ገጽ አንድ ባንድ ላኩለት። ዳታው እስኪያልቅ ይይ! የሐኪም ጽሑፍ እንደሆነ እኔም አላነበው፣ እሱም አያነበው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ጥር 11
ደላላው ፋርማሲ ወስዶ አስነበበው። አራተኛው ገጽ... የሚጥል በሽታ መድኃኒት።
የቤተሰባቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከደጋን እስከ ደሴ ተዳረሰ። አንዱ ባለባጃጅ «እህትሽ ትወድቃለች አሉ?» አለኝ። ቲማቲም ወረወርኩበት። ጥሬውን መርጬ።
ረሂማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።
«አክስታችን ጋ ደጋን እያለሁ ነው የጀመረኝ። አራት ዓመት አልወደቅሁም። ለሀፊዝ ጁምዓ በራሴ አፍ ልነግረው ነበር።»
«ወላሂ አላወቅሁም...»
«አንድ ወረቀት ነው ያልኩሽ።»

ጥር 12
ቁርስ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንክብሏን ዋጠች።

ጥር 15
ደላላውና ሀፊዝ መጡ። ደላላው ገና ሳይቀመጥ «ደበቃችሁን!» አለ። ሀፊዝ ጫማውን ያያል።
ረሂማ «ጋሽ እንድሪስ፣ የሀፊዝን ካርድ ይዘዋል? ስድስቱንም ገጽ?»
«የወንድ ካርድ ምን ይሠራልሻል?»
«እንግዲያው የኔን ከስልክዎ ያጥፉና ይውጡ።»
ሀፊዝ «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ።
«አነበብከው?»
«አዎ...»
«እኔን ሳትጠይቅ። በል ተከተላቸው።»
ላጨበጭብ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ጥር 20
ካርዷ ድሮ መስኮቱ ላይ ነበር የሚቀመጠው፣ ከመስታወቷ አጠገብ። ዛሬ የብረት ሳጥን ገዝታ ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች።
«ከማን ነው የምትደብቂው? ደላላው ሄዷል እኮ» አልኳት።
እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየችና ቁልፉን ልብሷ ውስጥ ከተተችው።