ሣጥኑ እስኪሞላ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎ ቢታመሙም እዚህ እንደማይታከሙ ስለማውቅ ብዙም አልሰጋም።

እኔ ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ የምሠራ አናጢ ነኝ። የተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ አግዳሚ ወንበሮች የእጄ ሥራ ናቸው፤ ባለቤቴም ስንት ቀን ሙሉ ተቀምጣባቸው ጥንካሬያቸውን አረጋግጣልኛለች። ለማማረር ድፍረቱ ስለሌለኝ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቴ ያለ ጊዜው ደም እየፈሰሳት ወደ እናንተ ስትመጣ፣ የዕድሜ ነገር ነው ተብላ በማስታገሻ ስለተሸኘች እናመሰግናለን። ሰው አክባሪ ናትና እውነት ነው ብላ ተቀበለች።

፪. ደሙ አልቆም ብሎ ስትመለስ አንዲት ነርስ የማህፀን በሯን አይታ ደነገጠች፤ ወዲያውም ናሙና አስወሰደችላት። ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን በሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ነው፤ ናሙና የሚላከውም ሣጥኑ ሲሞላ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተነገረን። መኪናው ባዶ ቦታ ይዞ እንዳይጓዝ መቆርቆርዎ የሚያስመሰግን ነው። እኛም ሣጥኑ ቶሎ እንዲሞላ፣ ማለትም የሰው ሚስትና የሰው እናት እንዲታመሙልን ስንመኝ ከረምን። እግዜር ይቅር ይበለን።

፫. በመጨረሻ ሣጥኑ ሞልቶ ሄደ፤ መልስም መጣ። መልሱ፣ ናሙናው ሲጠብቅ ደርቋልና እንደገና ይወሰድ የሚል ነበር። ተወሰደ። አሁን የባለቤቴ ናሙና ያለባት ብልቃጥ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ጓደኞቿን ትጠብቃለች።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ደክሞኛል። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት እንደሚድን ባለቤቴ ራሷ ከእናንተው ግድግዳ ላይ አንብባለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕመሟ አታወራም፤ ቤት ውስጥ ምን የት እንደተቀመጠ ለልጃችን ማሳየት ጀምራለች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ወደ ሥራዬ እወጣለሁ።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ካልመቸዎም እንዲያስጠሩኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለተራ ጠባቂዎች ስላለዎት የማያልቅ ትዕግሥት እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
የአጥር ጥጉ አናጢ

ማሳሰቢያ፦ አንዲት ብልቃጥ ብቻ የምትይዝ ሣጥን ሠርቼ ለበር ጠባቂው አስረክቤያለሁ። የባለቤቴ ብልቃጥ ስትገባባት ትሞላለች፤ ደንብዎም አይጣስም። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፤ በባለቤቴ ቁመት ልክ ሌላ ሣጥን ከመሥራት ይህችን መሥራት ቀሎኛል።