ጣት ሳይነሣ የሚሳለው መሸኛ፦ የወይዘሮ ባየሽ ዋቁማ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ባየሽ ዋቁማ ከአባታቸው ከአቶ ዋቁማ ቦሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጅሬኛ ገመቹ፣ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንደኛዋ፣ በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአሜሪካኑን የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይጨምርበት። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ መቀነስ እንጂ መጨመር አይወዱም ነበር።

አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ጊዜ አቶ ዋቁማ ያወጡት ዓሣ ከትልቅነቱ የተነሣ የሐይቁ ውሃ በአንድ ክንድ ወርዷል ይባላል። የሚጠራጠር ካለ ዝዋይ ድረስ ሄዶ ይመልከት፤ ውሃው እስከ ዛሬ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ወይዘሮ ባየሽ ባደጉበት መንደር፣ በእናታቸው ወገን፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚሄድ አንድ ሙያ ነበረ፤ እሱም የአሸዋ ሥዕል ነው። ሣዪዋ ከውሃው ዳር እርጥቡን አሸዋ በመዳፏ ታስተካክልና በሌባ ጣቷ መስመር ትጀምራለች። ጣቷ እስክትጨርስ አይነሣም። መስመሩ ይዞራል፣ ይጠላለፋል፣ ራሱን ያቋርጣል፣ በመጨረሻ ከጀመረበት ይገጥማል። ጣቱ ሲሄድ ተረቱም አብሮ ይሄዳል። “የዓሣ ሠርግ” የሚባል ሥዕል አለ፤ “ጉማሬ፣ መንገድ ልቀቅ” የሚባል አለ። ለሟች የሚሳለው ደግሞ “መሸኛ” ነው፤ ሟች ወደ ወዲያኛው ዳርቻ ሲሻገር መንገዱ እንዳይጠፋው። ሥዕል አያድርም፤ ተስሎ ሲያበቃ በመዳፍ ይጠፋል። ትምህርቱም በቃል አይደለም። አስተማሪዋ እጇን በተማሪዋ እጅ ላይ ትጭናለች፤ ከዚያ በኋላ ጣት ራሱ ያስታውሳል።

ወይዘሮ ባየሽ ገና በልጅነታቸው የሣሉትን ሥዕል አንድ ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ እንዳይረግጠው ዙሪያውን ዞሮ አልፏል። ይህን ያየነው ብዙዎች ነን፤ የምናምነው ግን ጥቂቶች ነን።

በታንኳ ወደ ዝዋይ ከተማ እየተሻገሩ እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። አንደኛ ክፍል ሳሉ መምህሩ ፊደል ጻፊ ሲሏቸው ጠመኔውን ሳያነሡ ከ“ሀ” እስከ “ሆ” በአንድ መስመር ቀጥለው ስለ ጻፉ ተቀጡ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው “የተቀጣሁት በስንፍናዬ ሳይሆን በፍጥነቴ ነው” ይሉ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ተካ ጋር ተጋቡ። አቶ ተካ ሽማግሌ ይዘው በታንኳ ሲሻገሩ ማዕበሉ አጥወለወላቸውና ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሲጠይቁ እሳቸውን ከዛፍ ሥር ያስመልሳቸው ነበር። አቶ ዋቁማም፣ “ለልጄ ሲል ይህን የቻለ ሰው ሌላውንም ይችላል” ብለው ፈቀዱ። ከትዳራቸውም ሮማንንና ጌዲዮንን አፈሩ። በ1983 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ኬንያ ተሰደደ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ገባ። መጀመሪያ ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር በአፓርታማ፣ በኋላም አጠገቡ ባለችው ክሪስታል ከተማ በራሳቸው ቤት ኖሩ። አቶ ተካ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ወይዘሮ ባየሽ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ፣ በላውንደሪው ክፍል፣ ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ።

ሚኒሶታ ሐይቅ ሞልቷታል፤ ነገር ግን የዓመቱን ግማሽ አሸዋው በበረዶ ሥር ነው። ስለዚህ ጌዲዮን መኪናው እንዳይንሸራተት በክረምት ከኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ትራንክ ውስጥ የሚጭነውን የአሸዋ ከረጢት በየጊዜው ቀነስ እያደረጉ፣ በወንፊት እየነፉ፣ በትልቅ የኬክ መጋገሪያ ትሪ ላይ ይሥሉ ነበር። ጌዲዮን መኪናው ለምን እንደሚሽከረከርበት ለማወቅ ጎማ ቀየረ፣ መካኒክ ቀየረ፤ በመጨረሻ ከእናቱ ወጥ ውስጥ አሸዋ ሲያኝክ ገባው።

አንድ ጊዜ በአንድ የማኅበረሰብ ማዕከል የቅርስ ቀን ተጠርተው “የዓሣ ሠርግ”ን ሣሉ። አዘጋጁ ወጣት ዮሲ ለእሳቸው ክብር አስቦ፣ ቆመው ውሃ ሲጠጡ፣ ሥዕሉ ለዘላለም እንዲቆይ የፀጉር ስፕሬይ ነፋበት። ወይዘሮ ባየሽ ሊያጠፉት መዳፋቸውን ሲያሳርፉ አሸዋው ከነዓሣው እጃቸው ላይ ተጣብቆ ተነሣ። “ምነው ልጄ፣ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ይግቡ እንጂ!” አሉት። ዮሲም ሞቅ ባለ ውሃ እጃቸውን እያጠበ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ሆነ።

አቶ ተካ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ወይዘሮ ባየሽ ከመቃብሩ አጠገብ በገዛ እጃቸው መሸኛውን ሣሉላቸው። መስመሩ እንደ ክር የጠራ ነበር። ሮማን በመዳፏ አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ሮማንን “ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ” ማለት ጀመሩ። ሮማን ነርስ ናት፤ “እማዬ፣ ደብል ሺፍት ነው ያለኝ፣ የሚቀጥለው ወር” ትላለች። ያ ወር ብዙ ዓመት ፈጀ። በመካከሉ ወይዘሮ ባየሽ በፓርኪንሰን ሕመም ተያዙና ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በደሴቷ ቀርተው የነበሩት ሣዮች ማለፋቸውንም በስልክ ሰሙ። ሞትን የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። የፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሸኛውን የሚያውቅ ሌላ ጣት አለመኖሩን።

ያን ጊዜ እጇን የሰጠቻቸው የሮማን ልጅ ኢያኤል ናት። ኢያኤል ክሪስታል ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። አያትና የልጅ ልጅ ከትሪው ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ በጤነኛው ላይ ተጭኖ፣ ክረምቱን በሙሉ ሠሩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኢያኤል ብቻዋን ሣለች። ጣቷን ሳታነሣ አዞረችው፤ ከጀመረችበትም ገጠመ። ነገር ግን መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጥ ነበር። የአባቷን መሸኛ የምታስታውሰው ሮማን ደነገጠች።

“ኢያኤል፣ ምን ነካሽ? ቀጥ አድርጊው እንጂ!”

“ኖ ማሚ! ዊግሉ እኮ የሥዕሉ ነው፤ እማማ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታደርገው” ብላ ዊግል ማለት ምን እንደሆነ ጣቷን እያንቀጠቀጠች አሳየቻት። ልጅቷ ሕመሙን ከሥዕሉ ጋር አብራ ተምራው ነበር። ቀጥ አድርጋ እንድትሞክር ተጠየቀች፤ መሐል ላይ ስትደርስ መንገዱ ጠፋባት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ጠፋባት። ጣቷ የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ነው።

“ጠፋ ማለት ነው፣ እማዬ?” አለች ሮማን፤ እንባዋ መጣ። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

ወይዘሮ ባየሽ ትሪው ላይ አፈጠጡ። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ፤ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሣቁ።

“ሮሚ፣ መሐል ላይ ያለችውን ቆልማማ አየሻት? እናቴ ሌባ ጣቷን መቅዘፊያ ሰብሮት ተቆልምሞ ነው የዳነው። እኔ ደግሞ ሥዕሉ መስሎኝ ቆልምሜ ያዝኩት! አክስቴ ስትሥል ቀጥ ያለ ነበር፤ ያንን ያየሁት ካገባሁ በኋላ ነው። ታዲያ እናቴን ከውስጡ ላውጣት? ሟቹም ቢሆን መንገድ ጠፍቶት የተመለሰ የለም። እናቴ ተቀምጣበታለች፣ እኔም ጠጋ ብዬ ልቀመጥበት። ልጅቷን ተያት።”

ሮማን የዚያን ቀን ሺፍቷን ቀረች፤ እጇንም ከልጇ እጅ ሥር አገባች። ወይዘሮ ባየሽ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩ፣ እናት ከልጇ ስትማር ስትሳሳት እየተሳደቡ፣ ስታገኘው እየመረቁ ዋሉ።

ወይዘሮ ባየሽ ሕመሙ እየጠናባቸው ሄዶ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ክሪስታል በሚገኘው ቤታቸው ልጆቻቸው ከበዋቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውን ሮማንንና ጌዲዮንን፣ የልጅ ልጃቸውን ኢያኤልን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ደረሰ ዋቁማን፣ በስፕሬይ የተወለደላቸውን ዮሲንና ስማቸውን የማናውቃቸውን የላውንደሪ ወዳጆቻቸውን ትተዋል። ለመጡት፣ ላለቀሱት፣ ምግብ ላመጡት ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

የደሴቲቱን ውሃ በእንጨት ታንኳ ያሻገራቸው አምላክ ይህንንም ያሻግራቸው፤ ነፍሳቸውን ደጋጎች ባሉበት ዳርቻ ይቀበልልን፤ ለኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።

ከጸሎቱ በኋላ ኢያኤል ከመቃብሩ አጠገብ በተዘረጋው አሸዋ ላይ መሸኛውን ትሥላለች፣ ሮማን ታጠፋዋለች። መስመሩ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ ልጅቷ ፈርታ ወይም በርዷት እንዳይመስላችሁ፤ እጇንም እንዳትይዙላት። እሳቸው ናቸው።